ሳልቀመጥ ያየኋት ከተማ

መነሻ፦ ሊልበርን

አትላንታ አጠገብ ካለችው ከሊልበርን የተነሳሁት ሽምግልና ልሄድ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ከዚህ በኋላ የማወጋችሁ ሁሉ ስለ ውሃ፣ ስለ ጀልባና ስለ ድሮ ሕንፃ ስለሚመስል «ሰውየው ሽርሽር ሄዶ ነው» እንዳትሉኝ። ለሽርሽርማ አትላንታ መች አነሰችኝ! ዕድሜዬን ሙሉ በታክሲ ቱሪስት አድርሻለሁ፤ የሚያዩትን ነገር ግን አንድ ቀን ገብቼ አይቼው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያሲን የሟች ታላቅ ወንድሜ ልጅ ነው። ከደሴ በልጅነቱ መጥቶ እኔ ቤት አደገ፣ እዚሁ ኮሌጅ ጨረሰ፣ አሁን ዳውንታውን አንድ ቢሮ ውስጥ ኢንጂነር ነው። ለአንድ ሴሚስተር አትላንታ ልትማር የመጣች ሐያት የምትባል ልጅ ወደደ፤ አሁን ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ሐያት ያደገችው ቤልጅየም፣ ጌንት በምትባል በቦይ የተከበበች የጥንት ከተማ ነው። እናቷ አርፋለች። አባቷ አቶ እንድሪስ የእኛው የወሎ ሰው ናቸው፤ ገና ጎረምሳ ሳሉ በሱዳን በኩል ወጥተው ቤልጅየም ገቡ፣ በዚያው ቀሩ።

«ላይክ፣ ቢግ ዲል አይደለም» አለኝ ያሲን፣ ኩሽና ቆሞ ሲሪያሉን እየበላ። «ጀስት ሂድና አባቷን ሃይ በለው። ካልሆነ ኮርትሃውስ ሄደን እንፈራረማለን።»

«ኮርትሃውስ? የትራፊክ ቲኬት ነው እንዴ የምታገባው!» አልኩት።

ደሜ ፈላ። አባት የሞተበት ልጅ ሚስት ሲያገባ ደጅ የሚቆምለት ሰው ካጣ፣ የሙት ልጅ የሚሆነው ያኔ ነው። ወንድሜ ቢኖር ይቆም ነበር። እሱ ከሌለ እኔ አለሁ። «የሚጠይቅለት አጥቶ ራሱ ጠየቀ» ሲባል ከምሰማ ጆሮዬ ይቆረጥ።

ሽምግልና ብቻውን የሚሄድ ሰው የለም። ከስኔልቪል ሁለት ወዳጆቼ አብረውኝ ሊሄዱ ቃል ገብተው ነበር። የአንዱ ፓስፖርት አልደርስ አለ፣ የሌላው ሚስት መውለጃዋ ደረሰ። «አንተ ሂድ፣ እኛ ከዚህ ሆነን እንቆማለን» አሉኝ። «በስልክ መቆም የተጀመረው መቼ ነው?» ብዬ ስቄ ብቻዬን ተነሳሁ። ያሲን ኤርፖርት ድረስ ድራይቭ አድርጎ አደረሰኝ። መንገዱን ሙሉ ሬዲዮ እንኳን አልከፈተም። ሲሰናበተኝ አቅፎኝ ቶሎ አልለቅ አለኝ። ለካ ቢግ ዲል ነው!

ቅዳሜ፦ ከብራስልስ ወደ ጌንት

ብራስልስ ስወርድ ዓይኔ በእንቅልፍ እጦት አሸዋ የገባበት ያህል ይቆጠቁጠኝ ነበር። ዩሮ የሚባለው ገንዘብ ገና አዲስ ነው፤ እኔ ብቻ ሳልሆን ትኬት የምትሸጠዋ ሴትዮም ሳንቲሙን ገልበጥ አድርጋ ታያለች። ባቡሩ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። አገሩ ሜዳ ነው፣ ሜዳ፣ አሁንም ሜዳ። የደሴን የጦሳ ተራራ እያየ ያደገ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ከብቶቹ ግን ደልበዋል፣ ማሻአላህ።

አቶ እንድሪስ ጣቢያው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው የሸበተ፣ የአበባ ማሳደጊያ ግሪንሃውስ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ብስክሌት ይዘዋል። የልጅቷ አባት በብስክሌት ሊቀበለኝ! ሻንጣዬን ወስደው ብስክሌቱ ላይ አሰሩት።

«እንኳን ደህና መጡ። ቤቴ ጠባብ ነው፤ እንዲመችዎት ብዬ ውሃው አጠገብ የእንግዳ ማረፊያ ይዤልዎታለሁ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ግራ መጋባቴ የጀመረው። በእኛ ወግ ሽማግሌ ጉዳዩን የሚያነሳው የልጅቷ ቤት ነው። ደጅ ይቆማል፣ ባለቤቱ «ምን ጉዳይ ይዛችሁ መጣችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሽማግሌውም ይናገራል። ጉዳዩ እስኪሰማ አይቀመጥም፣ ከእጃቸው እህል ውሃ አይቀምስም። ያሲን «ሐያት ነግራዋለች፣ ኖ ፕሮብሌም» ብሎኛል። ታዲያ የመጣሁበትን እያወቁ ቤታቸው የማያስገቡኝ ምነው? እንቢ ማለታቸው ይሆን?

ብስክሌቱን እየገፋን በእግር ከተማው መሃል ገባንና ውሃው ዳር ወጣን። እውነቱን ልናገር፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ውሃው በሁለት ረድፍ ቤቶች መሃል ተኝቷል። ቤቶቹ ጠባብና ረጃጅም ናቸው፣ ግንባራቸው እንደ ደረጃ እየተነባበረ ወደ ላይ ይሾላል፣ ጥላቸው ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይንቀጠቀጣል። የወዲህኛው ዳር ግራስሌ፣ የወዲያኛው ኮረንሌ ይባላል። በዚያ በጥንቱ ዘመን የእህል መርከብ ሁሉ የሚራገፈው እዚህ ነበር አሉኝ። ወጣቶች ጠርዙ ላይ እግራቸውን ወደ ውሃው አንጠልጥለው ፀሐይ ይሞቃሉ።

አቶ እንድሪስ በወረቀት ጥቅልል ትኩስ የድንች ጥብስ ገዝተው መጡ። ሽታው አስጎመጀኝ፤ ከአውሮፕላኑ ቁርስ ወዲህ እህል አልቀመስኩም።

«ይብሉ እንጂ!»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

«እንግዲያው እዚህ አረፍ ይበሉ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

እንዴት እንዳዩኝ! ድንቹን ብቻቸውን በሉት፤ እኔም ራቅ ብዬ ምራቄን ዋጥኩ። ማረፊያዬ ስገባ ባለቤቴ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችውን ቆሎ እንደ ፈረስ ቆረጠምኩ።

እሑድ፦ ነፃ ጀልበኛና ነፃ ያልሆነ

በማግስቱ ዛሬ ቤት ይወስዱኛል ብዬ ሱፍ ለብሼ ወጣሁ። አቶ እንድሪስ ጃኬታቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው፣ «ትናንት ደክሞዎት ነበር፣ ዛሬ በደንብ እናያለን» አሉ። አሁንም ወደ ውሃው!

«ይህንን ቤት አዩት? የነፃ ጀልበኞች ማኅበር ቤት ነው። ማዶ ያለው፣ አናቱ ላይ ወርቃማ መርከብ ያለበት ደግሞ ነፃ ያልሆኑት። ነፃዎቹ ዕቃ ጭነው ከተማው ውስጥ ይገባሉ። ነፃ ያልሆኑት ግን ከተማው ጠርዝ ላይ ቆመው ጭነታቸውን ለነፃዎቹ ማስረከብ ነው፤ መግባት የለም!»

ልቤ ድንግጥ አለ። የወሎ ሽማግሌ ነገርን ቀጥታ አይናገርም፣ ዞር አድርጎ ነው። ለእኔ ነው የሚናገሩት? ነፃ ያልሆነው ጀልበኛ እኔ ነኝ? ጭነቴን ለሌላ አስረክቤ ልመለስ ነው?

ጥቂት ሄድ ብለን በሁለት ትልልቅ ቤቶች መሃል የተሰነቀረች ጢኒጥ ቤት አሳዩኝ። «የቀረጥ ቤት ናት። ትንሽ ብትመስልም ለእሷ ሳይከፍል ያለፈ የለም» አሉና ሳቁ።

ለልጅቷ የሚከፈለውን መህር ማለታቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። ስንት ሊጠይቁ ነው? ከጎኗ ያለው አሮጌ የእህል ጎተራ ድንጋዩ ጠቁሮ ዘመም ብሏል። «ከሁሉ የቆየው ይሄ ነው፤ ዘመም ቢልም አልወደቀም» ሲሉ ደግሞ ተስፋ አገኘሁ። እንዲህ እያልኩ ከአንዱ ግንብ ወደ አንዱ፣ ከፍርሃት ወደ ተስፋ ተመላለስኩ። ወላሂ፣ ከተማ ሳይሆን ህልም የምፈታ ነበር የምመስለው።

ለምሳ ቱርኮች የሚበዙበት ሰፈር ምግብ ቤት ወሰዱኝ። ባለቤቱን ጠርተው በፍላሚሽ አዋሩትና፣ ሰውየው ከግድግዳው ላይ በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት አውርዶ አፍንጫዬ ሥር አቀረበልኝ። አቶ እንድሪስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አብሽሩ፣ ሐላል ነው። ትናንትም ዘይቱን ጠይቄ ነበር» አሉኝ።

ለካ ምግቡን የተጠራጠርኩ መስሏቸዋል! ምን ልበል? እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆምኩ። እሳቸው ተቀምጠው በሉ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅኩ። አስተናጋጁ ሁለት ጊዜ ወንበር አመጣልኝ፣ ሁለት ጊዜ መለስኩ። የአቶ እንድሪስ ፊት ጠቆረ። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ከዚያ ብረት ይባላል፤ እኔ ብሩን ዘልዬ ብረት የሆንኩ መሰለኝ።

ማታ ማረፊያዬ ያሲን ደወለ። «ሶ? የስ ወይስ ኖ?»

«ገና ነው።»

«ዋት ዱ ዩ ሚን ገና? ሁለት ቀን ምን ስታደርጉ ነበር?»

«ሕንፃ ስናይ።»

ቀስ ብሎ፣ «እንቢ ሊል ነው አይደል? በእኔ ምክንያት አንተን እያንገላታህ ነው» አለኝ። ድምፁ የዚያ ከደሴ የመጣው ትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር። «አብሽር» አልኩት፤ እኔው ራሴ ግን ምንም አልታየኝም።

ሰኞ፦ ትራሱና ድልድዩ

ማግስቱ የምመለስበት ቀን ነው። አቶ እንድሪስ ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው መጡ፤ ብብታቸው ሥር አበባ ያለበት ትራስ ይዘዋል።

«ለወገብዎ ነው» አሉኝ። «ታክሲ የሚነዳ ሰው ወገቡን እንደሚያመው ሐያት ነገረችኝ። ዛሬ ጀልባ እንሳፈራለን፤ አግዳሚው እንጨት ነው።»

ማልቀስ አማረኝ። እንቢ የሚል ሰው ትራስ ያመጣል? እሺ የሚል ሰውስ ደጁን ይከለክላል? ወዴት እንደምትታጠፍ የማትነግርህን መኪና ከኋላ እንደ መከተል ነው።

ከግራስሌ ደረጃ ወርደን ክፍት ጀልባ ውስጥ ገባን። ለሰው አምስት ዩሮ ገደማ ነው፤ እሳቸው ከፈሉ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ያዙብኝ። አሮጊቶች፣ ካሜራ ያንጠለጠሉ ባልና ሚስት፣ ሁሉም ተቀመጡ። አቶ እንድሪስ ትራሱን አግዳሚው ላይ አመቻችተው መታ መታ አደረጉልኝ። እኔ የአግዳሚውን መደገፊያ ይዤ ቆምኩ።

ባለጀልባው ወጣት ነው፣ በእንግሊዝኛ «ሰር፣ ሲት ዳውን ፕሊስ» አለኝ። ፈገግ አልኩለት። ተነሳን። ቤቶቹ በሁለቱም ጎን ሄዱ፣ የጥንት መስፍኖች ግንብ ከፊታችን ብቅ አለ፣ ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ዳክዬዎች ከመንገዳችን ይሸሻሉ። ያ ሁሉ ውበት ለእኔ ባዶ ነበር። ዓይኔ ፊት ለፊት ያለው ድልድይ ላይ ነበር። ዝቅ ያለ የድንጋይ ድልድይ፣ ቁልቁል እየመጣብን!

«ሰር!» አለ ባለጀልባው፣ ሞተሩን እየቀነሰ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አቶ እንድሪስ ጃኬቴን ያዙ። «ስለ አላህ ብለው ይቀመጡ! አናትዎን ይወስደዋል!»

«አልቀመጥም!» አልኩ። «ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም!»

«ምን ጉዳይ?»

ይኸው! ከቅዳሜ ጀምሮ የጠበቅኩት ጥያቄ! ደጅ ላይ ባይሆንም፣ ብቻዬን ብሆንም፣ ተጠየቅኩ። ድልድዩ ግን ደረሰ። መቀመጥ ክልክል ነው፣ መቆም ሞት ነው። ቁጢጥ አልኩ። ቁጢጥ ማለት መቀመጥ አይደለም፤ ማንም ሽማግሌ ይፈርድልኛል።

ጨለማው ውስጥ ገባን፣ እኔም ጀመርኩ። «አቶ እንድሪስ፣ የመጣሁት ልለምንዎት ነው! ልጅዎን ሐያትን ለወንድሜ ልጅ ለያሲን እንዲሰጡን! ዘመድ እንሁን ብዬ ነው የመጣሁት!» ድምፄ ከድንጋዩ እየተጋጨ «ነው... ነው...» እያለ ተመለሰብኝ። ከድልድዩ ማዶ ብርሃን ውስጥ ስንወጣ አንዲት አሮጊት አጨበጨበች። ምን እንዳልኩ ገብቷት አይደለም፤ የዘፈንኩ መስሏት ነው።

አቶ እንድሪስ ትራሱን አንስተው ጭናቸው ላይ አቀፉት።

«እኔ የተነገረኝ ከተማ ሊያዩ እንደመጡ ነው» አሉ። «ሐያት 'የያሲን አጎት ከተማችንን ማየት ይፈልጋሉ' ነው ያለችኝ።»

«ስለ ነፃ ጀልበኞቹ ያሉኝስ?»

«ምን አልኩ?»

«ስለ ቀረጥ ቤቷስ?»

«የቀረጥ ቤት ናት እኮ!» ግራ ተጋብተው አዩኝ። «አለመቀመጥዎስ? አለመብላትዎስ?»

ወጉን ነገርኳቸው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ እንደማይቀመጥ፣ እንደማይቀምስ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«አላውቅም ነበር። ከአገር ስወጣ ጢም አላበቀልኩም፤ ማን ያስተምረኛል? የሐያትን እናት ካርቱም ውስጥ ራሴ ሄጄ ነው የጠየቅኳት። አክስቷ ከበሩ ላይ 'አንተ ሰው የለህም እንዴ?' አለችኝ። 'የለኝም' አልኳት።» ውሃውን አዩ። «ለእኔ የቆመ ሰው አልነበረም። እርስዎ ግን ለዚያ ልጅ ሦስት ቀን ጾመው ቆሙ።»

አሁንም ቁጢጥ እንዳልኩ ነበርኩ፤ ጉልበቴ ሊገነጠል ደርሷል። ባዝንላቸውም ጉልበቴ አላዘነልኝም።

ከሰዓት በኋላ፦ ደጅ

ከጀልባው እንደወረድን፣ «እንግዲያው እንደ ወጉ ይሁን፣ ቤት እንሂድ» አሉ። የድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር፣ ጠባብ የጡብ ቤት። ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ፣ እኔ አንኳኳሁ፣ ከፈቱ። ሐያት ከኋላቸው ጥፍሯን እየበላች ቆማለች።

«ጋሼ ሰይድ፣ ሶሪ» አለች፣ ፊቷ ቀልቶ። «እኔ ነኝ። አባቴን 'ሊጠይቁኝ ይመጣሉ' ማለት አፈርኩ።»

«አንቺ ዝም በይ፣ ወግ ላይ ነን» አልኳትና ሳቀች።

የለመንኩትን ደገምኩ፣ በወጉ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ። አቶ እንድሪስ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አሁን እኔ ምን እላለሁ?»

ፈተና አትሉም! የምጠይቃቸው እኔ፣ መልሳቸውን የማስጠናም እኔ። ልዋሽ እችል ነበር፤ «ሰጥቻለሁ ይባላል» ብል ማን ያውቅብኛል? ነገር ግን ወግ ብዬ ቆሜ ወግ ላፍርስ? ከእኚህ ሰው በሕይወታቸው አንዴ ደጃቸው የመጣውን ወግ ልስረቅ?

«የልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም» አልኩ። «'ሰምተናል፣ ዘመድ እንማከር፣ ሌላ ቀን መልስ እንሰጣለን' ይባላል።»

አቶ እንድሪስ ቀና አሉ። ቁመታቸው የጨመረ መሰለኝ። «ሰምተናል» አሉ፣ አንድ በአንድ። «ዘመድ እንማከር። ሌላ ቀን መልስ እንሰጣለን።»

በሩንም ዘጉት።

መንገዱ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ልሳቅ? ላልቅስ? ያን ቀን ግን ወጉ በመከበሩ ኮርቼ፣ ለያሲን ፈርቼ፣ በውሃው ዳር ብቻዬን ተመለስኩ። ቤቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያኔ ነው፤ ምንም አይናገሩም ነበር፣ ቤቶች ናቸው። ቆንጆ ቤቶች።

ማክሰኞ፦ ቤት

ያሲን ኤርፖርት ጠበቀኝ። መኪናውን ፓርክ እንኳን በወጉ አላደረገም፤ ፖሊስ እያባረረው ነው። «ሶ?»

«ዘመድ ልማከር አሉ።»

«ዘመድ? ሐያት ዘመድ የላቸውም ብላኛለች! አባቷ ማንን ነው የሚማከረው?»

ይህን አላሰብኩትም። ሊልበርን እስክንደርስ መሪውን በጡጫ እየመታ ነዳ። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ዘመድ ለሌለው ሰው ዘመድ ይማከሩ ብዬ!

ቤት ገብቼ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ የኩሽናው ስልክ ጮኸ። አቶ እንድሪስ ናቸው።

«በሰላም ገቡ? ... ጋሽ ሰይድ፣ ዘመድ እማከራለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። የምማከረው ዘመድ የለኝም። 'ዘመድ እንሁን' ያሉኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ እርስዎን ልማከር ነው። ልጁ እንዴት ያለ ልጅ ነው? እንደ ሽማግሌው አይንገሩኝ፣ እንደ እኔ ዘመድ ይንገሩኝ።»

ያሲን ፍሪጁን ተደግፎ ያየኛል። ሽማግሌ ያሞግሳል፣ ሥራው ነው። ዘመድ ግን እውነት ይናገራል። ያለማንም ያገባን ሰው ዛሬም ያለማንም ልጅ እንዲድር ላደርገው? አልችልም።

«ችኩል ነው» አልኩ። ያሲን ዓይኑን አፈጠጠ። «ዕቃ አያጥብም። አንቱታ አያውቅም፤ እርስዎንም 'አንተ' ማለቱ አይቀርም፣ አይቀየሙት። ሲናደድ መሪ ይመታል፣ ዛሬም መትቷል። ግን ልጅ ሳለ የኔ ታክሲ ግቢ ካልገባች መስኮቱን አይለቅም ነበር። አሁንም ካመሸሁ ይደውላል። የእሱ የሆነን ሰው ሳያይ አያድርም። እንዲህ ነው፣ ሌላ የለኝም።»

ያሲን ቀስ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ከዚህ ሁሉ መንገድ የተማርኩት ይሄው ነው፤ ለአንድ ልጅ ልቆም ሄጄ ለሁለት ሰው ቆሜ መጣሁ።

«እንግዲያው እንደ ዘመዴ፣ ልስጥ ይላሉ?»

«እንደ ዘመድዎ፣ ይስጡ።»

«ሰጥቻለሁ» አሉ አቶ እንድሪስ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ «ጋሽ ሰይድ፣ አሁንም ቆመዋል እንዴ?»

«ቆሜያለሁ።»

«በሉ ይቀመጡ። የሚበላም ነገር ይቅመሱ።»

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። ያሲን ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ዞረ፤ የራሱን ሲሪያል በሳህን ቀድቶ ፊቴ አስቀመጠልኝ።